አርባ ሰባት ቦታ የተቀጠለው

ቶኪዮ፣ ማክሰኞ ጁን 20 ቀን 1978። ከትናንት ወዲያ የጀመረው ዝናብ አላባራም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እማዬ ብቻ ነን።

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የእጅ አንጓህስ? በዚህ እርጥበት እንደሚጠዘጥዝህ አውቃለሁና በሙቅ ፎጣ መጠቅለሉን አትተው። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ከዝናቡ ጋር ይነሳል፤ አንደበቷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

የሙዚቃ ሐያሲው አቶ ሙናካታ ስለ ሸክላህ የጻፉትን ከጋዜጣ ቆርጣ ከሟቹ አባባ ፎቶ ፊት፣ በየቀኑ ከምታቀርብለት የሩዝ ሳህን ጎን አስቀምጣዋለች። አሥራ ሁለተኛውን ድርሰት ያላንዳች ማቋረጥ ባንድ ትንፋሽ ተጫወተው፣ እንዲህ ያለ ድፍረት በዘመናችን አልሰማንም ይላሉ። ለዓሣ ሻጩ ሳይቀር አነበበችለት። እሱም፣ ታዲያ እማማ፣ ልጅዎ ሳይተነፍስ እንዴት ጨረሰ፣ ዓሣ ነው እንዴ? ብሎ አሾፈባት። ይኸው ሦስት ቀን አኩርፋዋለች።

ዛሬ ደብዳቤህ ሲደርስ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። በመከር ኦሳካ መድረክ ላይ አሥራ ሁለቱንም ባንድ መቀመጫ ልትጫወት ፈርመሃል። ሐያሲው እንዳሉት ባንድ ትንፋሽ እወጣዋለሁ ትላለህ። ምን ነካህ? እሳቸው ባያውቁ አንተ አታውቅም? የዚያ ድርሰት ቀረጻ አርባ ሰባት ቦታ ተቀጥሏል! የቴፑን ክር በምላጭ የቆረጥኩት፣ መልሼ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ። በተሳሳትክ ቁጥር፣ እህቴ ትጠግነዋለች እያልክ ኑድልህን ልትበላ ትወጣ ነበር። አሁን አዳራሽ ውስጥ ምላጭ ይዤ ከኋላህ ልቁም?

እዚህ ላይ ስደርስ እማዬ፣ ወረቀቱን ልትቀድጂው ነው እንዴ፣ ምን አስቆጣሽ? አለችኝ። ልጅሽ አንድም ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫውቶት አያውቅም አልኳት። አንድም ቀን? አለች።

አንድ ቀን ነበር። በአራተኛው የቀረጻ ቀን ጧት፣ አለቃዬ ስቱዲዮ ሳይገባ፣ እኔና አንተ ብቻ ሳለን ሳታቆም ጨረስከው። ላብህ እየተንጠባጠበ፣ እህቴ፣ እንዴት ነው? አልከኝ። ሁለት ቦታ ስተሃል፣ ድገመው አልኩህ። እኔ የስቱዲዮ ወለል እየጠረግሁ፣ ከተጣለ የቴፕ ቁራጭ ሙያ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ የተማርኩት ስህተት መፈለግ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልጨረስከውም።

ረቡዕ ጧት። ሰው ሳይገባ ስቱዲዮ ደረስኩ። ያን ቀረጻ ያኔ ለመጠገኛ ብዬ ቆራርጬው ነበር፤ ፍጥነቱ ከሌሎቹ ቀረጻዎች ጋር አልገጥም ስላለ ሃያ ሁለቱም ቁራጭ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቀርቷል። በነጭ እርሳስ የጻፍኩባቸውን ቁጥር እየተከተልኩ አጣበቅኳቸው። አንድ ጊዜ ሰማሁት። ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሰርኩት። ሁለቱን ስህተቶች አልነካኋቸውም።

ኦሳካ እመጣለሁ፤ ምላጬን ትቼ፣ ባዶ እጄን።

አባባ አይለይህ፣ አንጓህን ይማርልህ፤ ያስጀመረህ ያስፈጽምህ።

እህትህ