ለሳንባዬ የምድጃ ሽቦ ለመረጡልኝ ለሐጂ ሳዲቅ

ለክቡር ሐጂ ሳዲቅ
የሃውገሩድና አካባቢው መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ እንዲሁም የሲጋራ አስጣይ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የዚሁ ንዑስ ኮሚቴ ብቸኛ የቴክኒክ አማካሪ
ኦስሎ

ጉዳዩ፦ ጥልቅ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አንድ ቀን እንኳ ጭስ ያልገባበት ያ ንጹሕ ሳንባዎ እንደምን ነው? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ድምፅዎንም እንዳማረ ያቆይልን፤ በማኅበራችን ከእርስዎ ድምፅ በቀር ሌላ መስማት ከተውን ስለቆየን፣ እርስዎ ዝም ያሉ ዕለት ጸጥታው ያስፈራናል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ምራቄን ያለ መጸየፍ መዋጥ ከጀመርኩ ጥቂት ሳምንታት ሆኖኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ማድረስ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ስለሆነ ምስጋናውም በአደባባይ ይሁን ብዬ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሙዓዊያ እባላለሁ። ሃውገሩድ ከባለቤቴ ከመሱዳ ጋር እኖራለሁ፤ አውቶቡስ እነዳለሁ። ኮምቦልቻ ላይ በሃያ ዓመቴ የለኮስኳትን ሲጋራ፣ ከአንዷ ቁራጭ ሌላዋን እየለኮስኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳላጠፋት ኖሬያለሁ። ፋስትለገዬ፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪሜ፣ የደረቴን ፎቶ አንስቶ ተው ቢለኝም አልሰማሁትም። የሰማሁት ልጄ ዩስራ አርግዛ የነገረችኝን ነው። ዩስራ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ኤሌክትሪክ ተምራ በሙያዋ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እንደ እኛ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅም። «አባዬ፣ ናይ፤ አይሆንም። ሲጋራ እየሸተትክ ልጄን አትይዘውም» አለችኝ፤ በቃ። ባሏ ዑመር ደግሞ፣ ጨዋ ልጅ ነውና፣ ሕፃኑ ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን በግራው ኢቃማ የማለቱን ወግ ለእኔ ለአያቱ ለቀቀልኝ። ስለዚህ ሲጋራ መተው ለእኔ የሳንባ ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ የልጅ ልጄ በዚህ ዓለም የሚሰማው የመጀመሪያው የአላህ ቃል ከእኔ አፍ ይውጣ ወይስ ከሌላ የሚል ጉዳይ ሆነ።

እርስዎም ይህን ሰምተው እንደ አባት ደረሱልኝ። ለእኔና ለሌሎች ስምንት አጫሾች ቬፕ የተባለውን የእንፋሎት መሣሪያ በጅምላ አስመጥተው ከረመዳን በፊት እንዲታደለን ወሰኑ። ያስመጡትም ሙቀት የሚቆጣጠረውን ዓይነት ነው። አሠራሩ ለማንም የሚገባ ነው፦ ጥጥ ፈሳሹን ይጠጣል፤ ጥጡን የከበበው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ይግላል፤ ፈሳሹ ይተናል፤ ሰው ይስበዋል። ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሊያልፍ ሲል መሣሪያው በራሱ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ጥጡም አያርም። መሣሪያውን የመረጡት በጎኑ ሰማያዊ መብራት ስላለው ነው ብለው የሚያሙዎት አሉ፤ እኔ ግን በደንብ የተመረጠ ዕቃ ነበር ብዬ እመሰክርልዎታለሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ሽቦው አመሰግናለሁ። መሣሪያው በውስጡ ቴርሞሜትር የለውም። ሙቀቱን የሚያውቀው ሽቦው በጋለ ቁጥር ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ምን ያህል እንደጨመረ እየለካ ነው። ኒኬል፣ ታይታኒየም፣ የማይዝገው ብረትም ሲግሉ ተቃውሟቸው ይጨምራል፤ ስለዚህ መሣሪያው ያነባቸዋል። ካንታል የሚሉት የምድጃ ሽቦ ግን ቀዝቅዞም ሆነ ፍም መስሎ ያው ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ለምድጃ ሸጋ ሽቦ ነው። ለዚህ መሣሪያ ግን ዲዳ ምስክር ነው፤ ጥጡ እየነደደ እንኳ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ይለዋል፤ መሣሪያውም አምኖ ኃይሉን ይለቅበታል። ክቡርነትዎ ደሴ ላይ ለአሥራ አራት ዓመት የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀጥሉ መኖርዎን የማያውቅ የለም፤ በየስብሰባው ይነግሩናልና። በዚያ ልምድ ተመርተው ከሚያውቁት ሽቦ አንድ ሙሉ ጥቅል አስመጡልን።

ሽቦው በቀረበበት ስብሰባ ዩስራ ሆዷን ይዛ ከኋላ ተነሥታ፣ ከላይ በአማርኛ ያሰፈርኩትን ሁሉ፣ ግማሹን በኖርዌይኛ ቢሆንም፣ በትክክል ተናገረች። እርስዎም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ሽቦ ሽቦ ነው። እኔ በሽቦ ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ፤ ወዲያውም እጅዎን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ይህ የእርስዎ ትልቁ ስጦታ ነው። ጥያቄ ሲነሣ ዱዓ ይነሣል፤ ዱዓ ሲነሣ ሁሉም እጁን ይዘረጋል፤ ፊት ከተዳበሰ በኋላ ነገሩን መልሶ የሚያነሣ ሰው አላህን እንደደፈረ ይቆጠራል። ስንት ነገር እንዲህ ታሽጎ ቀርቷል! ልጄ እጇን እንዳነሣች ቀረች። እኔም አባቷ፣ ያውም ትክክል መሆኗን ልቤ እያወቀ፣ ከሁሉም ቀድሜ አሚን አልኩ። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ እጅግ የሚያስጠላኝ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፤ እሱን ግን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

ሁለተኛ፦ ስለ ጣዕሙ አመሰግናለሁ። የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ነበር። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ ከሴንትሩም ስቶቭነር፣ ከስቶቭነር ሴንትሩም ስመላለስ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ዛሬ በተምር አፈጥራለሁ፣ ከዚያም ሲጋራ አልለኩስም። አፈጠርኩ፤ ሰገድኩ፤ ሰማያዊውን መብራት አበራሁ፤ በሙሉ ደረቴ ሳብኩ። ክቡርነትዎ፣ ምን እንደቀመስኩ ልንገርዎት። ሽንት የነካው አሮጌ ፍራሽ ሲቃጠል ከጎኑ ቆመው ያውቃሉ? ያንን በጉሮሮዬ አወረድኩት። ምላሴ ላይ ጥቀርሻ ተለጠፈ፤ የበላሁት ተምር ከነሾርባው ተመልሶ መጣ። መሱዳ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ስትሮጥ፣ የመሣሪያው ሰሌዳ ሙቀቱ ገና ከልኩ በታች መሆኑን በትሕትና ያሳየኝ ነበር። በዚያው ምሽት ታች ወርጄ ሲጋራ ገዛሁ። ክፉውን ጣዕም የሚያስረሳኝ እሱ ብቻ ነበርና፣ እንደዚያ ቀን የጣመኝ ሲጋራ የለም። ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ተመልሰው ስለ ማሰብዎ አመሰግናለሁ። ዘጠኛችንም አቤት ስንል፣ በካፈርኩ አይመልሰኝ ስህተትዎን ሳያምኑ «ጥራቱ ከፍ ያለ» ብለው ታይታኒየም ላኩልን። ይህኛው ሽቦ በደንብ ቢያዝ ይሠራ ነበር። ነገር ግን ከሽቦው ጋር መመሪያ ላኩ፦ «ጥጡን ከማስገባታችሁ በፊት እንደ ምድጃ እስኪቀላ አንድዱት፤ መሥራቱ የሚታወቀው ሲቀላ ነው።» ምድጃ ጠጋኝ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታይታኒየም ግን በባዶው ሲቀላ የሚቃጠል ብረት ነው። የያንዳንዳችን ሽቦ ሁሉ ነጭ ዱቄት ለበሰ፤ ሳንባችን ሊስበው የተሰናዳ ዱቄት። ዩስራ አይታው በመጸየፍ «ኢኸ» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ጣለችው፤ ከቦርሳዋም የማይዝገውን ብረት ሽቦ አውጥታ «አባዬ፣ በዚህ ልሥራልህ፤ አምስት ደቂቃ ነው» አለችኝ።

እምቢ አልኳት። ሊቀመንበሩ ዱዓ ያደረጉበትን ውሳኔ በሴት ልጄ ሽቦ ብሽር ነገ ማኅበሩ ምን ይለኛል አልኩ። በሬሳዬ ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ አብረን ነው የጠፋነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው፤ ሌላ ሁለት ሳምንት እያጨስኩ ቆየሁ።

አራተኛውን ምስጋና በቁጥር ላስቀምጠው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ሕፃኑ በረመዳን በሃያ ሁለተኛው ቀን ተወለደ፤ ወንድ ነው። በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥተው ወደ እኛ ቤት መጡ። እኔ ከመውለዷ በፊት አጭሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልነካሁም። ዩስራን ለመንኳት። አጠገቤ መጥታ አሸተተችኝ፤ ልጄ እንደ ገበያ ሥጋ አሸተተችኝ፤ እንባዋም መጣ። «ታጠብና ልብስህን ቀይር፤ ከዚያ እናያለን» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ድዴ እስኪደማ አፌን ፋቅሁ፤ በየጊዜውም መዳፌ ላይ እየተነፈስኩ አሸተትኩ፤ የሚሸተኝ ግን ያው ጥቀርሻ ነበር። አራተኛውን ስጀምር ከግድግዳው ማዶ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

ኮሚቴውን አስከትለው ለእንኳን ደስ አላችሁ መጥተው ኖሯል፤ አላህ ይስጥልኝ። ዑመር ለእንግዶቹ ወንበር ሲያመጣ፣ መሱዳም ከጓዳ ሳለች፣ እርስዎ ሕፃኑን ከአልጋው አንስተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ አዛን ጀምረው ነበር። የተጀመረ አዛን የሚያቋርጥ ሙስሊም የለም። ዩስራ እንኳ፣ ማንንም የማትፈራው ዩስራ፣ አላስቆመችዎትም። እኔ የጥርስ ብሩሽ በእጄ ይዤ፣ አረፋ በአፌ ይዤ፣ በዝግ በር በኩል ለልጅ ልጄ የምለውን ቃል ከእርስዎ ሰማሁ። ስወጣ አልቋል። እርስዎም ስልክዎ ጮሆ፣ አነጋግረው ዘግተው፣ ዱዓ ይዘዋል። እጄን ዘረጋሁ። አሚን አልኩ። ፊቴን ዳበስኩ። ከዚያም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ አንተ ሲጋራውን ስትተው ደግሞ ለሚቀጥለው» አሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሳብኩት ጭስ ሁሉ፣ የረመዳኑ የፍራሽ ጭስ ተጨምሮበት፣ የዚያን ቃል ያህል አላቅለሸለሸኝም።

እንግዶቹ እንደወጡ መሣሪያውን ይዤ ዩስራ ፊት ቆምኩ፤ አጠገቧም አስቀመጥኩላት። የአንድ ቀን አራስ በሶፋ ላይ ተቀምጣ የማይዝገውን ብረት በጠመንጃ መፍቻ ዘንግ ላይ ስድስት ዙር ጠመጠመችልኝ። ሽቦው ቀዝቃዛ እንዳለ መሣሪያው እንዲለካው አደረገች፤ የሽቦውን ዓይነት መረጠችለት፤ ሙቀቱን ሁለት መቶ አሥር ላይ ወሰነች፤ ጥጡን አስገብታ አራሰችው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ሳብኩ፤ አልነደደም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጋራ አልለኮስኩም። በሌሎቹ ስምንቱም ቤት ዩስራ አራስነቷን ስትጨርስ ትዞራለች፤ ዱዓውን ግን ሥራው ከታየ በኋላ እናደርገዋለን።

የተረፈውን የምድጃ ሽቦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። አንድ ቀን ምድጃዎ ቢበጠስ በእርስዎ እጅ ያለ ቦታው እንደማይገባ እተማመናለሁ።

የጽድቅ ሥራዎ ሁሉ በሰው ጉሮሮ ሳይሞከር ተቀባይነት እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ከማይሰለች አክብሮትና በየቀኑ ከሚቀንስ ሳል ጋር፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳው፣ ልቤ ቢረሳውም ምላሴ የሚያስታውሰኝ፣

ሙዓዊያ፣ ከሃውገሩድ

ግልባጭ፦
አሚን ላልን አባላት በሙሉ

ያልተጠናቀቀ ነገር፦ ስልክዎ ስለጮኸ የሕፃኑን ግራ ጆሮ ረስተውት ሄደዋል። በሰባተኛው ቀን ዩስራ አሽትታኝ ልጁን በእጄ አስቀመጠችልኝ፤ ኢቃማውን እኔ አልኩለት፤ ስለተውልኝ ጆሮ አመሰግናለሁ። በነገራችን ላይ የሆስፒታሉ ሰዎች ገና ከመውጣቱ በፊት መስማቱን በመሣሪያ ፈትነውት ሁለቱም ጆሮዎቹ ደህና ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ማኅበሩ የሚሰማ ሊቀመንበር ካስፈለገው አንድ ተወልዷል፤ እስኪያድግ ድረስ ይታገሡን።