ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ያመጣው ለቅሶ

ይድረስ ለእታለም ምሥራቅ፣ ባሕር ዳር፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ይነሣብሻል? አማቻችን አዳምስ እንዴት ነው? ሕፃኑ የአብስራስ ጥርስ አወጣ? ፎቶውን ካየን ወዲህ እማዬ ግንባሩ የአባታችን ነው ስትል፣ እኔ ደግሞ አገጩ የእኔ ነው እያልኩ ስንከራከር ክረምቱ ተጋመሰ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጭቃውና ከእኔ ሞኝነት በቀር የሚከፋ ነገር የለም።

ባለፈው ማክሰኞ እማዬ ደውላ «አለሽ?» ብላሽ፣ አለሁ ስትያት ስልኩን ዘጋችብሽ። ምን ሆና ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ በስልክ የሚነገር አይደለም ያልኩሽ እሷው አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ነው። አሁን አረፍ ብለሽ አንብቢው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግማሹ ግን ብስክሌቱን የላክሽልኝ ያንቺ ነው።

ብስክሌቱስ እግሬን አሳርፎልኛል። ጤና ኬላችን በነአኩቶ ለአብ መንገድ ላይ ነው፤ በእግሬ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኝ ነበር። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጣች ብለው ሲስቁ የነበሩትም አሁን ክኒን አድርሺልን እያሉ መንገድ ላይ ይጠብቁኛል። ችግሩ ፓራፋንጎ፣ ጎማው ላይ የሚገጠመው ጭቃ መከላከያ፣ የለውም። በባሕር ዳር አስፋልት ላይ አያስፈልግ ይሆናል፤ እዚህ ግን የኋላው ጎማ ጭቃውን እየዛቀ ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ይመርገኛል።

ያን ማክሰኞ የፍልሰታን ቅዳሴ ልደርስ ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁ። የላክሽልኝን ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ ለብሻለሁ። ነጩ ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ ጥለቱ ግን ከተበላሸ አይመለስም ብዬ ነጠላውን ገለበጥኩና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። ገብቶሻል። ጥለት ወደ አንገት የሚዞረው ለሐዘን መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እኔ ያን ሰዓት የማስበው ጭቃውን ብቻ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ጎረቤታችንን ሰብሌን አገኘኋት። ዓይኔ ከንፋሱ ብዛት ቀልቶ ያነባል። ምነው ስሜነሽ፣ ምን ሆንሽ ብላ ጮኸች። ፍሬኑ በውኃ ርሶ አልይዝ ብሎኛል፣ እንዴት ብዬ ልቁም? ደህና ነኝ ለማለት እጄን አወናጭፌ አለፍኳት። እሷ የያዘችውን ጎመን እዚያው ጥላ በአቋራጭ ወደ እማዬ ሮጠች።

እኔ ፍሬኑ ስላስደነገጠኝ መጀመሪያ ብስክሌት ጠጋኙ አብዱልጀባር ዘንድ ጎራ አልኩ። ፍሬኑን አስተካክሎ ሲያበቃ ጀርባዬን አየና ስለ ፓራፋንጎ ያስተምረኝ ጀመር። ከመቀመጫው ሥር የሚታሰረው አጭሩ ለጌጥ እንጂ ለላስታ ጭቃ አይሆንም አለኝ። ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ግን ኮረኮንቹ ላይ ሲንኳኳ የገበያ አህያ ያስበረግጋል። የሚሻለው በቀጭን ሽቦ የሚደገፈው ረጅሙ ፕላስቲክ ነው። እሱም ቢሆን ከጎማው ከተጠጋ ዋልካው መሀል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞር ይላል። ይህን እያወጣን እያወረድን ቅዳሴው አለፈኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ብረት ይሻላል ፕላስቲክ ስል ሰፈሩ እኛ ቤት ገብቶ ነበር። በር ላይ ስደርስ ዋይታ ነው። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ የነፍስ አባታችን መምሬ አረጋ ሳይቀሩ መጥተዋል። ጥለቴ እንደተጠመጠመ ስገባ ለቅሶው ባሰ። እኔም ሰው የሞተብን መስሎኝ ብስክሌቱን ጥዬ ከሁሉ በላይ ጮህኩ። ደህና አድርጌ ካለቀስኩ በኋላ ነው ማን ነው የሞተው ብዬ የጠየቅኩት። ሰብሌም «መርዶውን ይዘሽ የመጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከቤታችን ሰው ሩቅ ያለሽው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ፣ እታለም፣ የሞትሽው አንቺ ነበርሽ።

ስለ ጭቃው ባስረዳ የሚያምነኝ ጠፋ። ስልክሽ ላይ ብንደውል ዝግ ነው። ደግመን ብንደውል ዝግ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ። እታለም፣ ነገሩ ከእኔው ነጠላ እንደመጣ እያወቅኩም ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም። በኋላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ አልሽን፤ «አለሽ?» ያለችሽ ያኔ ነው። ስልኩን የዘጋችውም ለቅሶዋን እንዳትሰሚ ብላ ነው።

ከዚያማ ሳቅ ሆነ፤ ለቀስተኛው ሽሮ ቀምሶ ተበተነ። ሰብሌ ያወረደችልሽን ሙሾ እዚህ አልጽፈውም፤ ቁመትሽን፣ ጸጉርሽን፣ የእጅሽን ቸርነት ሁሉ አንሥታለች። በሕይወትሽ ሳለሽ እንዲያ ብላሽ አታውቅም።

ፖስታው ውስጥ ያለው ክር የጎማው ስፋት ነው። ፓራፋንጎው ከክሩ ሰፋ ያለ፣ ከጎማውም ሁለት ጣት የሚርቅ ይሁን፤ ለፊትም ለኋላም። ግን በአውቶቡስ እንዳትልኪው።

እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥለቷን ወደ አንገቷ አዙራ ነው የምትለብሰው። መምሬ አረጋ ልጅሽ በሕይወት ሳለች ነውር ነው ብለው ተቆጧት። በስልክ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው፣ አባቴ፣ አለቻቸው፤ ይኸው አራት ዓመት የማውቃት በድምፅ ነው። እኔም ያን ጊዜ ስለ ጥለቴ መጨነቄ አሳፈረኝ።

አዳምን ሰላም በይልኝ፤ አንድ ሳምንት ፈቃድ ቢጠይቅ ሥራው አይጠፋም። የአብስራን አገጩን ሳሚልኝ። መምሬ አረጋ በጸሎት ያስቡሻል። ሰብሌ፣ የጣልኩትን ጎመን ምሥራቅ ትክሰኝ ትላለች። አብዱልጀባር ፓራፋንጎውን ያለ ዋጋ እገጥማለሁ ብሏል። ከእማዬ ምን ብዬ ልጻፍ ብላት፣ ምንም አትጻፊ አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ በሩን ስትገባ ጥለቴን አወርዳለሁ በያት አለች።

እህትሽ ስሜነሽ
ላሊበላ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.