በጨዋታ ሰዓት ጨዋታ ክልክል ነው

የካቲት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሙላት አሻግሬ
የሐይቅ ዙሪያ ዳማ ዋንጫ ጊዜያዊ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሐይቅ

ጉዳዩ፦ ስላሸነፍኩ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ ለመሆኑ ጉንፋኑ ለቀቀዎት ወይ? በፍጻሜው ዕለት ድምፅዎ ተዘግቶ በእጅዎ ምልክት ብቻ ሲያዙ ስላየን፣ የዝምታ ደንብዎን በራስዎ ጉሮሮ ላይ ሳይቀር ያስከበሩ መስሎን ተመልካቹ ሁሉ በአድናቆት ተያይቶ ነበር። ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎት። በከተማችን የሚናገር ሰው ቁጥር እየቀነሰ ስለሆነ የእርስዎም ድምፅ ቢመለስ አንድ ይሞላልናል።

እኔን እንኳ ያውቁኛል። መስታወት ሽታው ነኝ፤ በስታቲስቲክስ ተመርቄ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ የመሥሪያ ቤትዎን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማንበብ የምመጣው፣ ከተለጠፉት ወረቀቶች የትኛውን ዝናብ እንደነካው፣ የትኛውን ፍየል እንደበላው በቃሌ የምናገረው ልጅ። ሐይቁን ዳር ዳሩን ስንቴ እንደዞርኩት መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ ሐይቅ የሚዞር ሰው ምን ቢፈጥን የሚደርሰው ከተነሣበት ነው። ስለዚህ የዳማ ዋንጫው ማስታወቂያ በተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን የጠራኝ ያህል ተሰማኝ። አሸናፊው የፊታችን ሐሙስ ደሴ ሄዶ ሐይቅን ይወክላል፤ ሥራ ፈላጊ ወጣት ከሆነ ደግሞ ለአዲሱ መዝናኛ ማዕከል አስተባባሪነት በክቡርነትዎ ፊርማ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል ይል ነበርና። ስለዚህ ተስፋ ከልቤ አመሰግናለሁ። ተስፋ የሰጠ ሰው፣ ተመላሽ መሆኑን በደቃቅ ፊደል እንኳ ባይጽፍም፣ ምስጋና አይነፈገውም።

እነሆም አሸነፍኩ። ይቅርታ የምጠይቀው በዚሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከሥሩ ላውጋው። የፍጻሜ ተጋጣሚዬ አያ ሀሚዱ ነበሩ፤ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ባለችው በረንዳ ላይ አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ፣ ሐይቅ ላይ ዳማ የሚችል ሰው ሁሉ ከእሳቸው ተሸንፎ የተማረ። እኔም የደንብ ልብሴ እስኪሰፋ ስጠብቅ ነው የተማርኩት። የአያ ሀሚዱ አጨዋወት ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በአፍ ነው። ቆርኪያቸውን የጠበቀ ሌላ ቆርኪ ካለ «ይችን አትንኪያት፣ እጮኛ አላት» ይላሉ። ትንሽ ካሰቡ «ባጃጁን አቁሙላት፣ ልጅቱ ማሰብ ጀምራለች» ይላሉ። እኔን በተለይ «ዲግሪሽን ይዘሽ መጥተሽ እንደሁ በእሱ ተከላከይ፤ በቆርኪስ አልሆነልሽም» ብለውኝ ያውቃሉ። ማንም ተቀይሞ የሄደ የለም፤ የሚሄደው ተሸንፎ ነው፣ እየሳቀ።

በግማሽ ፍጻሜው የአያ ሀሚዱ ተጋጣሚ ክቡርነትዎ ራስዎ ነበሩ። ሰብሳቢም ተወዳዳሪም መሆን ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ እረዳለሁ። አያ ሀሚዱ በመሐሉ «አቶ ሙላት፣ እዚህ እጅ በማውጣት ተራ አይገኝም» ማለታቸው፣ የመጨረሻዋን ቆርኪዎን ሲበሏት ደግሞ «በሉ ስብሰባው ተበትኗል፤ አበልም የለው» ማለታቸው፣ ሕዝቡም እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ መሳቁ እውነት ነው። በማግሥቱ ጧት በውድድሩ አዳራሽ በር ላይ አንቀጽ ሰባት ተለጥፎ ማየታችንን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን የአጋጣሚን ጠባይ በዲግሪ ደረጃ ስለተማርኩ አላያይዝም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ፤ በክቡርነትዎ ወግ መሠረት በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ስለ ደንቡ አጻጻፍ። አንቀጽ ሰባት ቃል በቃል «በጨዋታ ሰዓት ጨዋታ ፈጽሞ ክልክል ነው» ይላል። «ወሬ» ለማለት እንደፈለጉ ይገባኛል። ነገር ግን በአገራችን ሰው ዳማም ይጫወታል፣ ከጎረቤቱም ጋር ተቀምጦ ይጫወታል፤ ሁለቱም ጨዋታ ነው። ደንቡን እንደተጻፈ ካከበርነው እንግዲህ ቆርኪ ማንቀሳቀስ ራሱ ጥፋት ሆኖ ቁጭ አለ። ከሥሩ ደግሞ «የተጫዋች ጨዋነት» የሚል ንዑስ ርእስ አለው፤ ጨዋነትን ከጨዋታ ለማፋታት ይህን ያህል የደከመ ሽማግሌ እኔ አላየሁም። ካርታ ቢሆን ኖሮ ሐሳብዎ በገባኝ። ካርታ የያዘ ሰው በእጁ የሸሸገውን በአፉ ሊያወጣው፣ በሌለው ሊያስፈራራበት ይችላል፤ ስለዚህ አፍ ሊጠበቅ ይገባል። በዳማ ግን ሃያ አራቱም ቆርኪ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ምኑ ምስጢር ይወጣል?

2ኛ. ስለ ሦስቱ ጥፋቶች። አያ ሀሚዱ ከፍጻሜው የተባረሩት ሦስት ጊዜ ተናግረዋል ተብሎ ነው። የኮሚቴው ፀሐፊ ወይዘሮ ተሾመች የያዙትን ቃለ ጉባኤ አንብቤዋለሁ፤ ፊደላቸው እንዴት ያምራል! አንደኛው ጥፋት የመጀመሪያዋን ቆርኪ ሲያንቀሳቅሱ «ቢስሚላህ» ማለታቸው ነው። እኔ በስመ አብ ያልኩት በልቤ ስለነበር አመለጥኩ። ሁለተኛው እንዲህ ነው፦ አያ ሀሚዱን አስነጠሳቸው፤ ዳኛው አቶ ትዕዛዙ፣ በወግ ያደጉ ሰው ናቸውና፣ ከአፋቸው አምልጧቸው «ይማርዎት» አሉ፤ አያ ሀሚዱም «ያኑርህ» ብለው መለሱ፤ ወዲያው ያው ዳኛ ቢጫውን ወረቀት አወጡባቸው። የተመረቀ ሰው የሚቀጣበት ዘመን መሆኑን በራሴ ምርቃት አውቀው ነበር፤ በማስነጠስ የመጣ ምርቃት ሲያስቀጣ ግን ገና አሁን አየሁ።

3ኛ. ስለ «እፍ»። ሦስተኛው ጥፋት ይህ ነው፤ ክቡርነትዎም እንቅልፍ የነሱኝ በዚሁ ነው። ዳማ መብላት ግዴታ የሆነበት ጨዋታ ነው። የሚበላ እያለ ሳይበላ ያለፈ ተጫዋች፣ መብላት የነበረባት ቆርኪው በተጋጣሚው «እፍ» ተብላ ትነሣበታለች። (ይህ ሕግ ከዳማ ሰሌዳ ውጭም ሲሠራበት እታዘባለሁ፤ መብላት እየቻለ ያልበላ ሰው ከወንበሩ እፍ ሲባል ስንቴ አየን።) በፍጻሜው አምስት ለአምስት ስንሆን የሚበላ ነበረኝ፣ ሳላየው አለፍኩ። አያ ሀሚዱ ጠበቁ፤ ዳኛውን አዩ፤ ከዚያ በጣታቸው ቆርኪዬን ነክተው፣ አቧራ እንኳ በማያነሣ ትንፋሽ «እፍ» አሉ። ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ተሰብስቦ «እፍ» ንግግር ነው፣ ያውም የማንቋሸሽ ንግግር ነው ሲል ወሰነ። ታዲያ የዚያው ደንብ አንቀጽ አራት «እፍ ሳይባል የተነሣ ቆርኪ ወደ ቦታው ይመለሳል» ይላል። ሰውየው እፍ ካሉ በሰባት ይባረራሉ፣ እፍ ካላሉ በአራት ይከለከላሉ። በአራትና በሰባት መካከል አንድ ሽማግሌ ከነትንፋሻቸው የሚቆሙባት ቦታ ካለች እባክዎ በጣትዎ ያሳዩን።

4ኛ. ትኩረቴን ስላወከው ነገር። እንድፈርም የተሰጠኝ ቅጽ «የተጋጣሚዬ ንግግር ስድብ አዘል ስለነበረ ትኩረቴን አውኮብኛል» ይላል፤ «አዎ» የሚል ሳጥን አለው፣ «አይ» የሚል ሳጥን ግን ምናልባት ለወረቀት ቁጠባ ሲባል ቀርቷል። እውነቱን ልንገርዎት። ያወከኝ ዝምታው ነው። ከአያ ሀሚዱ ጋር ስጫወት አደጋውን የማውቀው በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው ቢባል ይሻላል፤ አፋቸው ሲሞቅ ወጥመድ አለ፣ «አብሽሪ» ሲሉኝ ደግሞ አልቆልኛል። ያን ዕለት ግን ከፊቴ የተቀመጡት የማውቃቸው ሰው አልነበሩም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ ቃል በመጣባቸው ቁጥር ምራቃቸውን ይውጡ ነበር። ፊታቸውን ሳይ የሚበላውን ረሳሁት። ስታቲስቲክስም ባልማር እነግርዎታለሁ፤ ያቺ ቆርኪ ከተነሣች በኋላ ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ተሸንፌ ነበር። ክቡርነትዎ እጄን ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡት እጄን የት እንደማስገባው አላውቅም ነበር።

5ኛ. ስለ መውጫ በር። መውጫ ይኖር እንደሆነ ብዬ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ድሉን አልፈልግም ብዬ ልመልሰው ስል፣ እጅ የሚሰጠው ለተጋጣሚ ነው፣ ተጋጣሚሽ ተባሯል፣ ስለዚህ የሚቀበልሽ የለም ተባልኩ። ይግባኝ ልበል ስል ይግባኝ የሚለው የተሸነፈ ነው፣ አንቺ አሸናፊ ነሽ ተባልኩ። የተሸነፉት አያ ሀሚዱ ይበሉ ስል የተባረረ ሰው ተወዳዳሪ አይደለም ተባልኩ። አልፈርምም ለማለት ደግሞ ያለመፈረሚያ ቅጽ አለ፤ እሱም ፊርማ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ያቀናበረ አእምሮ በአንዲት ከተማ ዳማ ላይ መባከኑ ለአገር ኪሣራ ነው።

እንግዲህ የቀረበልኝ ምርጫ ይህ ነው፤ ደንቡን ለማያውቁ ልግለጸው። እስከ ረቡዕ ከፈረምኩ ሐሙስ ደሴ እሄዳለሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤውም ይደርሰኛል፣ አያ ሀሚዱ ግን በተሳዳቢነት ተመዝግበው ለሁለት ዓመት ከማንኛውም ውድድር ይታገዳሉ። ካልፈረምኩ ውጤቱ ይሰረዛል፣ ሁለታችንም እንቀራለን፣ በምትካችንም ማንም አይላክም፣ እኔም ሰኞ ሰኞ ወደ ሰሌዳዬ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ማታ እናቴ ቅጹን አንብባ እስክሪብቶውን አጠገቡ አስቀምጣ ተነሣች። አልፈረድኩባትም፤ አሥራ አራት ወር እሷም ጠብቃለች። እሑድ ጧት እስክሪብቶውንም ቅጹንም ይዤ ወደ በረንዳው ሄድኩና ለአያ ሀሚዱ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ክር በጥርሳቸው እንደያዙ አነበቡትና «ሁለት ዓመት? አላህ እንኳ እንዲህ በጽሑፍ አላረጋገጠልኝም፤ ኮሚቴው ዋስ ከሆነኝማ ፈርሚ የኔ ልጅ» አሉኝ። እየቀለዱ ነበር። ግን ደሴ ላይ ለመጫወት ብለው የሰፉት አዲስ ኮት ከኋላቸው ተሰቅሎ ነበር፤ አንደኛው እጅጌ ገና አልተገጠመም፤ እሳቸውም ወደዚያ እንዳላይ ወንበራቸውን ዞር አደረጉት።

በመሆኑም ክቡር ሆይ፣ ቅጹን ሳልፈርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። አስተባባሪነቱን እንዴት እንደምፈልገው ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ምክንያቱን በሦስት ቅጂ አስገብቼልዎታለሁ። ከሰው ጋር የሚጫወቱበት ቤት ለማስተባበር፣ የሚጫወት ሰው ተሳዳቢ ነው ብዬ በፊርማዬ መግባት ግን አልቻልኩም፤ ጉድለቱ የእኔ ነው።

የሰው አፍ ይዘጋ ዘንድ ቀን ከሌት ስለሚደክሙት ድካም፣ ትንፋሽን ከስድብ ስለለዩበት ጥበብ፣ ያልተሸነፈን ሰው ስላስሸነፉበት፣ የተሸነፈችውንም ስላነገሡበት ቸርነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ ይጽና፤ ጉሮሮዎ ይዳን፤ የሚበላ ሲመጣም ዓይንዎ እንደ እኔ አይዘንጋ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ያለ ፈቃዷ አሸናፊ የሆነችው
መስታወት ሽታው
(ፊርማ የለውም፤ ፊርማዬን ለጊዜው ለማንም ላለመስጠት ወስኛለሁ)

ግልባጭ፦
ለዳኛው ለአቶ ትዕዛዙ፤ ይማርዎት
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ፍየል እስኪደርስበት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ቆርኪዎቹን በረንዳው ላይ በነበሩበት ደርድረን ጨዋታውን ጨረስነው። አያ ሀሚዱ እፍ ብለው ቆርኪዬን አነሡ፣ በሁለት እርምጃ ጨረሱኝ፣ ሁለቱንም እርምጃ እያወሩ። ምን እንዳሉኝ አልጽፍም፤ ስለ እርስዎም አንድ ሁለት ነገር ነበረበት። እኔ ቀርቻለሁ፣ እሳቸውም ቀርተዋል፤ ስለዚህ ሐሙስ ደሴ ላይ «ሐይቅ» ተብሎ በተጻፈበት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። አይዘኑ። ባዶው ወንበር አያስነጥሰውም፣ እፍ አይልም፣ ሰብሳቢም አይበላም፤ አንቀጽ ሰባትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ እንከን የሚያከብር ተወካይ በመጨረሻ አግኝተዋልና እንኳን ደስ ያለዎት።