ከእናቴ ጋር የሠራሁት የዘንባባ መስቀል

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ነገ ሆሳዕና ነው። እናቴ በየዓመቱ ለጎረቤቱ ሁሉ የዘንባባ መስቀል ትሠራ ነበር። ዘንድሮ ግን ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም። ጠዋት ዘንባባ ገዝቼ ስገባ አይታ አለቀሰች።

"እማዬ፣ አንቺ በግራሽ ያዥልኝ፣ እኔ ላጥፈው" አልኋት።

ሦስት ጊዜ ተፈታብኝ።

"አትቸኩይ ልጄ፤ እየጸለዩ ነው የሚሠራው" አለችኝ።

እሷ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ስትል እኔም እየተቀበልኋት ማጠፍ ጀመርሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስጸልይ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። እሱን ካጣሁ በኋላ እናቴን ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሸኝቼ እመለስ ነበር እንጂ ገብቼ አላውቅም።

እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ መስቀል ሠራን። አብዛኞቹ ጠማማ ናቸው፤ እናቴ ግን አንድ በአንድ ሳመቻቸው።

"ነገ እስከ በሩ ታደርሽኛለሽ?" አለችኝ።

"አብሬሽ ገብቼ አስቀድሳለሁ" አልኋት።

እልልታዋን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። አምላኬ፣ ተመስገን።