ከጽዱ እስከ ወይራው ገመድ የዘረጉት የአቶ ታዘበው ወልደ ሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ ታዘበው ወልደ ሰንበት ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት ፋንታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ገብረ ኪዳን በ፲፱፻፫ ዓ.ም. በብቸና ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቅኔ ቤትም ገብተው ነበር። ነገር ግን መምህሩ ሲያስተምሩ የእሳቸው ዓይን ዛፍ ላይ ከሚዘሉት ጦጣዎች አልነቀል ስላለ፣ አባታቸው “ይህ ልጅ ለዱር እንጂ ለደብር አይሆንም” ብለው ተስፋ እንደ ቆረጡ ራሳቸው አቶ ታዘበው እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

ጠላት ከአገር በወጣ ማግሥት በ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ ባላባት ቤት በቅሎ ጠባቂ ሆኑ። አያያዛቸው ታይቶም በ፲፱፻፴፱ ዓ.ም. አንበሶችና ሌሎች አራዊት በሚጠበቁበት የመንግሥት ግቢ ተቀጠሩ። ከመጋቢነት ተነሥተው የአራዊቱ ሁሉ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ። በ፲፱፻፵፩ ዓ.ም. ከሞጣ ተወላጅ ከወይዘሮ ይርጋነሽ ኃይለ ሚካኤል ጋር በቁርባን ተጋብተው ወለተ ሐናንና ሣህለ ማርያምን አፍርተዋል።

ሥራው ጠርጣራ አድርጓቸዋል ቢባል ሐሜት አይሆንም። የቀረበውን ሥጋ ሳያሸቱ ለአንበሳ አይሰጡም፤ የተቆለፈውን በር ተመልሰው ሳይጎትቱ አይሄዱም። ይህ አመል ከጡረታ በኋላም አልለቀቃቸውም። የጋጣውን በር ደጋግመው ሲጎትቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ “ኧረ ጌታው፣ ውስጥ ያለችው በግ ናት! ማንን ትበላለች ብለው ነው?” ሲሏቸው ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ሰምተናል። “እሷንማ አምናታለሁ፤ የማላምነው የሚያልፈውን ነው” ነበር መልሳቸው። የሚያልፈው ደግሞ እኛው ነን።

በግቢው ሳሉ በስጦታ የሚመጣው ጉሬዛ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይሞት ነበር። ጎብኚው ዳቦና ስኳር ይወረውርለታል። አቶ ታዘበው ውርወራውን ከልክለው፣ ጉሬዛው በአገሩ የሚበላውን ቅጠል በየጠዋቱ እያስቆረጡ አቀረቡለት፤ ከእንጨት ወደ እንጨትም ገመድ ወጥረው መሻገሪያ አበጁለት። ጉሬዛው ከረመ፣ ወለደም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ጉሬዛ ይዞ ለመጣ ሁሉ “ከነዛፉ ካላመጣኸው መልሰው” ማለት ጀመሩ።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሞጣ መጡ። የብቸና ሰው ናቸውና እዚህ ርስት የላቸውም። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ሲሞቱ በደብራችን አጸድ፣ ጉሬዛዎቹ ከሚያድሩበት ጽድ ሥር ማረፍ። በዚያ የመቃብር ቦታ የሚሰጠው ደግሞ ሰንበቴ ለገባና አገሬው “የእኛ ነው” ላለው ሰው ነው።

የደብራችን ጉሬዛዎች ዱሮ ከአጸዱ ጽድ ተነሥተው እስከ ወንዙ ዳር ወይራ በዛፍ በዛፍ ይሄዱ ነበር። የመኪናው መንገድ ሲሰፋ በመካከል ያለው ዛፍ ተቆረጠ። ጉሬዛዎቹም በእግር ሊሻገሩ መሬት ሲወርዱ ውሻ ይፈጃቸው ጀመር። ይህን ያዩት አቶ ታዘበው፣ በሁለት ገመድ መካከል እንጨት አስረው እንደ መሰላል ያለ ድልድይ ከመንገዱ በላይ ሊዘረጉ ተነሡ። ለዚህም ርቀቱን መለካት ነበረባቸው።

ዓመቱ ግን ፲፱፻፷ ነው። የአዲሱ ግብር ወሬ ከብቸና እስከ ሞጣ አገሩን ያመሰበት፣ “ቀላድ ሊጣል ነው፣ መሬታችን ሊለካ ነው” ተብሎ ሰው እንቅልፍ ያጣበት ዓመት። በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣ የመንግሥት ጡረተኛ ገመድ ይዞ ከመንገድ ወዲያና ወዲህ ሲለካ ታየ። የሰንበቴያችን መሪ፣ ሙሴው፣ መንገድ ዳር ርስት ያላቸው አቶ ከፋለ፣ “ለጦጣ ድልድይ? እኛን ምን አድርገው ነው የሚያዩን!” አሉ። እውነት ለመናገር ጎረቤቱ ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው።

ሽማግሌዎች በጽዱ ሥር ተቀመጡ። አቶ ታዘበው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ “ምንም አልለካሁም” ብለው እንዲምሉ ተጠየቁ። ቢምሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን፣ “አባቶቼ፣ በሐሰት አልምልም። ከጽዱ እስከ ወይራው ለክቻለሁ” አሉ። ጉባኤው ተተረማመሰ። አቶ ከፋለም፣ “ይኸው! በገዛ አፋቸው!” ብለው ተነሡ። ሰንበቴው ተከለከለ፤ መቃብሩም አብሮ ተከለከለ።

የደብሩ አለቃ ስለ ፈቀዱላቸው ገመዱን ዘረጉት። ተቆረጠ። ቀጥለው ዘረጉት። ማን እንደ ቆረጠው አልጠየቁም፤ የአቶ ከፋለ ማጭድ በዚያ ሰሞን በምን እንደ ዶለዶመ ግን አቶ ከፋለ ራሳቸው ቢነግሩን ይሻላል።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. በደብሩ ክብረ በዓል ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ሳለ፣ አንዲት ጉሬዛ እንደ ጥጥ የነጣ ልጇን ሆዷ ላይ ለጥፋ ከራሳችን በላይ በገመዱ ተሻገረች። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ከፋለ፣ “አዲስ አበባ ያስተማሯት ናት” አሉ። አቶ ታዘበውም፣ “አያ ከፋለ፣ እኔስ መች አመንኳት? እስክትሻገር ትንፋሼን ይዤ ነበር” ብለው መለሱ። አቶ ከፋለ ሳይወዱ ሳቁ። በሚቀጥለው ሰንበት ጽዋውን በእጃቸው አቀበሏቸው፤ አቶ ታዘበውም እንደ ልማዳቸው አሽትተው ጠጡት።

አቶ ታዘበው ካለፈው ዓመት ጀምሮ በደረት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው በሞጣ ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ጎረቤቶቻቸው በኀዘን ቀርተናል።

ዛሬ ማለዳ በጽዱ ሥር መቃብሩን ያስቆፈሩት አቶ ከፋለ ናቸው። ልኩን የወሰዱት ከድልድዩ በተረፈው ገመድ ነው። ለክተው ሲያበቁም፣ “ጠብቧቸው ኖሮ ተነሥተው እንዳይለኩብን” ብለው አንድ ክንድ ጨምረውላቸዋል።

ተመልሰው ሳይጎትቱ ከበር የማይለዩት ጎረቤታችን፣ የገነት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ይቆያቸው። አሜን።