አትክፈቺ ያልከኝ በር

ይድረስ ለምወድህ ለታናሽ ወንድሜ ለወንደሰን፦

እንደምን ከርመሃል? ሶሲናስ እንደምን ናት? ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ቆላ ስትወርዱ ለቀቃት ወይስ ጭራሽ ባሰባት? ትርሲቴስ? የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አልቀው ይሆናል፤ እኔ ግን አሁንም የፊት ጥርሷ የጎደለ ልጅ አድርጌ ነው የማስባት። ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። እኔን ከጠየቅህ፣ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ለጉልበቴ ቅባት ሰጥተውኛል፤ ለሁለተኛው ግን መድኃኒት ቤቱም የለንም ብሏል።

ደብዳቤህ በገና ማግስት ደረሰኝ። መምህራችሁን ተከትላችሁ ከወረዳችሁበት ቆላ ደብረ ማርቆስ ድረስ ወጥተህ ፖስታ ቤት ማስገባትህ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለማውቅ ገና ሳልከፍተው አመሰገንኩህ። ከከፈትኩት በኋላ ግን የማመሰግንበት አፍ አጣሁ። ስምንተኛው ሺህ ደርሷል፣ አዲሱ ሚሊኒየም ሳይገባ የመከራው ዘመን ይጀምራል፣ ለክርስቲያን የቀረው መዘጋጀት ብቻ ነው ትላለህ። ይሁን። አባባም በሕይወት ሳለ ዜና በሰማ ቁጥር ስምንተኛው ሺህ ነው ይል ነበር፤ ስኳር ሲወደድም ይላት ነበር። የቆረጠችኝ መጨረሻ ላይ የጻፍካት ናት፦ ቤቱን ሸጬ እስከ ፋሲካ እናንተ ዘንድ ካልመጣሁ፣ መምህራችሁ ባዘዙት መሠረት ከዓለም ዘመድ ጋር መጻጻፍ ታቆማለህ። ያቺን መስመር አንብቤ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። ወንዴ፣ እኔ የዓለም ዘመድ የሆንኩት ከመቼ ወዲህ ነው?

ቢሆንም ያዘዝከኝን ሁሉ አደረግሁ። እስከ ዛሬ አንተ ታዝዘኸኝ እንጂ እኔ ታዝዤህ አላውቅም፤ በእርጅናዬ ጀመረኝ። ገብስ ገዝቼ በሶ አስፈጨሁ፣ ጸበል በጀሪካን ቀዳሁ፣ ቄሱ የባረኩትን ጧፍ በላስቲክ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈንኩ። ደንቡንም በቃሌ ያዝኩ። ፀሐይ በጠራራ ቀን ትጨልማለች፤ ያን ጊዜ ከተባረከ ጧፍ በቀር የሚበራ መብራት የለም፤ ፈታኙ የምትወጂውን ሰው ድምፅ አስመስሎ በርሽን ያንኳኳል፤ ማንም ቢጠራሽ አትክፈቺ። ጎረቤቴ ማርዎ የገብሱን ጆንያ ስጎትት አይታ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው አለችኝ። ለክፉ ቀን ነው አልኳት። ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻሽን ልትበዪው ነው ብላ ሳቀችብኝ፤ ግን ጆንያውን በአንድ ጫፍ ይዛ አስገባችልኝ።

እውነቱን ልንገርህ። ይህን ያደረግሁት መከራውን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ የምጠብቀው ነገር በማግኘቴም ጭምር ነው። መሥሪያ ቤታችን ሥራው ሁሉ በሶማሊኛ ከሆነ ወዲህ የኔ የአማርኛ መተየቢያ ሽፋኑን ለብሶ ተቀምጧል፤ እኔንም መዝገብ ቤት አዛውረውኛል። ማንም አያስከፋኝም። አለቃዬ ዐብዲዐዚዝ ሲገባም ሲወጣም እናቴ ብሎ ሰላም ይለኛል። ብቻ ቀኑን ሙሉ ከፋይል ጋር ውዬ ቤቴ ስገባ የምሰማው የራሴን ቁልፍ ድምፅ ነው። እማማ ካረፈች፣ አንተም ከሄድክ በኋላ ሽሮ ለአንድ ሰው መሥራት አልሆነልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። በሶ ስነፋና ጧፍ ስጠቀልል ግን ከሩቅ መንገድ እንግዳ የሚመጣብኝ ይመስለኝ ነበር።

የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችንን ታስታውሳለህ። አባባ ጽዋውን ተሸክሞ ሲገባ እኛ ከኋላው ለዳቦው እንጋፋ ነበር፤ ሰዉ ቤት አልበቃው ብሎ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል። ግማሹ አዲስ አበባና ናዝሬት ገባ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከአባባ ጎን ተኛ። የቀረነው የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ጋሽ በዛብህ፣ እኔና ሁለት አሮጊቶች ነን። ጋሽ በዛብህ ዓይናቸው ከተጋረደ ቆይቷል፤ መንገድ የሚሄዱት በልማድ ነው። ልምራዎ ሲሏቸው ይቆጣሉ።

ጥር አሥራ ስድስት ተራው የኔ ነበር። ረቡዕ ስለዋለ ሽሮና ምስር ሠርቼ፣ ድፎውን ጋግሬ፣ ጠላውን አዘጋጅቼ፣ ጽዋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከቅዳሴ የሚመለሱትን ስጠብቅ ነፋሱ ተነሣ። የጅጅጋን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነበር። ከሜዳው የመጣው አቧራ ሰማዩን መጀመሪያ አቀላው፣ ቀጥሎ ጭራሽ አጠፋው። ገና በዘጠኝ ሰዓት የግቢዬ በር አይታየኝም ነበር። መብራት ሄደ። የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ አዛኑ መሐል ላይ ጸጥ አለ። ዶሮዎቼ የመሸ መስሏቸው ቆጥ ላይ ወጡ። በቃ፣ መጣ አልኩ።

ጧፉን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። ብለኩሰው ጠፋ፤ ደግሜ ብለኩሰው ጠፋ። ኃጢአቴ ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ለካ መስኮቱን ስደፍን የበሩን ሥር ረስቼው ኖሮ ነፋሱ በዚያ ይገባል። ከዚያ እጄ እንደለመደው ሄዶ ኩራዙን ለኮሰው፤ ቦግ ብሎ በራ። ማልቀሴን ትቼ አየሁት። መምህራችሁ አይበራም ያሉት ኩራዝ፣ ያውም በሱቅ ላምባ፣ ያለ አንዳች ሐፍረት ይበራል። ወንዴ፣ መሳቅም አማረኝ፤ ግን አብሮኝ የሚስቅ አልነበረም።

ይህን እያሰብኩ በሩ ተደበደበ። የማርዎ ድምፅ ነው። ለተ፣ ክፈቺ፣ እኔ ነኝ እያለች ትጣራለች። ሄጄ በሩ ኋላ ቆምኩ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው፣ ያንተ ደንብ ጆሮዬ ውስጥ። ፈታኙ የምትወጂውን ሰው ድምፅ አስመስሎ ይመጣል ብለኸኛል። ያኔ ነው የገባኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ በዚህ ከተማ ስሜን አሳጥሮ የሚጠራኝ ማርዎ ብቻ ናት፤ ፈታኙ ሊመጣብኝ ቢፈልግ ከሷ ድምፅ ሌላ የሚዋሰው የለውም። በዚያ ጨለማ ከሁሉ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው። እሷ መጥራቷን አላቆመችም፤ እንዲያውም ወላሂ ካልከፈትሽ በሩን እሰብረዋለሁ ማለት ጀመረች። በመጨረሻ፣ ሰይጣንም ቢሆን በዚህ አቧራ ውጭ አይተውም ብዬ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ማርዎ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው ጋሽ በዛብህን ይዛ ቆማለች። ከቅዳሴ ወጥተው ወደኔ ሲመጡ ነፋሱ መንገዱን አጥፍቶባቸው፣ ከሰፈር ወጥተው በከብት ገበያው በኩል ወደ ሜዳው ሲሄዱ ነው ያገኘቻቸው። ያ ሜዳ የት እንደሚያልቅ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ጥቂት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ማኅበሩ ለቅሶ ይሆን ነበር። እሷ መጀመሪያውንም የወጣችው ወደኔ ልትመጣ ነው፤ ብቻዋን ናት፣ ትፈራለች ብላ። ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ሻይ ወተት የለውም። ማርዎ ሻይ ያለ ወተት ስታፈላ አይተህ ታውቃለህ? ረቡዕ መሆኑን አስባልኝ ነው። ይኸውልህ፣ አትክፈቺ ያልከኝ በር ማኅበርተኛዬን ይዞልኝ ገባ።

ሁለቱ አሮጊቶች በነፋሱ ቀሩ። ማርዎ ሄዳ ልጆቿን፣ ሂቦንና ማሃድን፣ በነጠላዬ ጠቅልላ አመጣቻቸው። ጋሽ በዛብህ ፊታቸውን ታጥበው ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦውን ቆረሱ፤ እኛ ጠላችንን፣ እሷ ሻይዋን ጠጣን። ሽሮው ያን ቀን አልተረፈም። ጋሽ በዛብህን አልጋዬ ሥር ስላለው ስንቅ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። መከራማ ይመጣል፣ በሰባው ጦርነት እዚሁ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ በሶ ያዳነው ሰው አላጋጠመኝም፣ ሰው ያዳነው ግን ይኸው እኔ አለሁ አሉኝ። ለካ በዚያ ጊዜ ቤታቸው ያስገቧቸው የማርዎ አባት ዒጋል ናቸው። እኔ አላውቅም ነበር። ማርዎ ግን ታውቃለች፤ ሻይ ቀዳችላቸው።

ስናበቃ ጽዋውን ለባለ ተራ ማስረከብ ነበረብኝ። ባለ ተራው አንተ ነህ። የአባባ ወንበር ያንተ ነው፤ እስከ ዛሬ ተራህ ሲደርስ በስምህ የደገስኩት እኔ ነኝ። ጋሽ በዛብህ ወንደሰን ይመጣ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ከእንግዲህ ደብዳቤ እንደምትጽፍልኝ እንኳ እርግጠኛ ያልሆንኩ ሴት ምን ልበላቸው? የዳቦውን ፍርፋሪ መልቀም ጀመርኩ። እሳቸውም ጽዋውን በዳበሳ አግኝተው ክዳኑን አስተካከሉና እንግዲያው እዚሁ ይጠብቀው አሉ።

ስለዚህ መልሴ ይኸው ነው። ቤቱን አልሸጥም፤ ወደናንተም አልመጣም። መከራ የለም ማለቴ አይደለም። ይመጣል፤ ለአንዳንዱ ቤት ከመጣም ቆይቷል። የተለያየነው አቻቻሉ ላይ ነው። እናንተ በር ዘግቶ መጽናትን ትማራላችሁ፤ እኔ ከዘጋሁ ጋሽ በዛብህ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እምነቴ ቀዝቅዞ ከሆነ ጸልይልኝ። በሶውን ከማርዎ ጋር ተካፈልነው፤ ልጆቿ በስኳር ወደውታል። የበሩንም ሥር ደፈንኩት፤ ይህን ለነፋሱ እንጂ ለሌላ አይደለም።

ብቸኝነቱን ግን እፈራዋለሁ፤ ካንተ አልደብቅም። አንተ ካልጻፍክልኝ ወንድሜ የት ነው ያለው ብዬ የምጠይቀው የለኝም። እኅት የለኝም ብትል ቃልህ ነው፤ እኔ ግን ወንድም አለኝ። ብታቆምም እኔ መጻፌን አላቆምም፤ ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ይከመር። ደግሞ ትርሲትን ከትምህርት ቤት አታስቀራት። ዓለም አላፊ ብትሆንም እስክታልፍ ድረስ ልጅቷ ታንብብ።

ሶሲናን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ለወገቧ ከኔ ቅባት ከፍዬ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ። ትርሲቴን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ያንቺን ሰሃን ለማንም አትሰጥም በላት። መምህራችሁን ለተማርያም እጅ ትነሣለች በልልኝ፤ ኩራዝ ግን ይበራል በልልኝ። ጋሽ በዛብህ ይመርቁሃል። ማርዎ ሰላም ብላሃለች፤ በልጅነትህ በኳስ የሰበርክባትን መስተዋት እስከ ምጽአት አልረሳም ትላለች።

ለየካቲት አሥራ ስድስት ባይደርስልህ ለመጋቢት ይሁን፤ ጽዋህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያም ጨለማ የእውነቱን የመጣ ቀን፣ መንገድ ጠፍቶህም ቢሆን ጅጅጋ ከደረስክ በሬን አንኳኳ። ድምፅህ ያንተን ባይመስልም እከፍትልሃለሁ።

እኅትህ ለተማርያም

ጅጅጋ፣ ጥር 24 ቀን 1999 ዓ.ም.