ውሃ የመሰለኝ በረኪና

ሳቢሪን፣

ጉብሬ ሌላ ቤት አግኝቼ ወጥቻለሁ፤ ቁልፉ አከራያችን ጋ ነው።

በረኪናውን ከሃይላንዱ ወደ ራሱ ጀሪካን መልሼዋለሁ። ሽንት ቤት ስታጥቢ ከአሲዱ ጋር አትቀላቅይው፣ ያፍንሻል።

አዛን ሲል ላፈጥር ቸኩዬ፣ ውሃ መስሎኝ ነው የተጎነጨሁት። ሃይላንድ ውስጥ የጨመርሽው አንቺ ነሽ። እሱን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሰው ይሳሳታል። ጉሮሮዬም እየዳነ ነው።

ክሊኒክ ላይ ግን ለጠየቀሽ ሁሉ “በረኪና ጠጣች” ብለሽ ዝም አልሽ።

ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ጠፍቶሽ ነው?

ወልቂጤ ሁሉ ዘይባ ራሷን ልታጠፋ ነበር ይላል። እናቴ ከቡታጅራ ደውላ “ምን አጎደልኩብሽ ልጄ?” እያለች አለቀሰች። እኔ እውነቱን ስነግራት ላጽናናት ብዬ የምዋሽ ይመስላታል።

ስልኳን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ያስቀረሽውን አንቺው ንገሪያት፦

“ውሃ መስሏት ነው።”